የዮአብ አካሄድ

ዮአብ የጠፋው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። እናቱ የሺወርቅ የቀን ተረኛ ስለነበረች ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ገብታለች። እህቱ ጣቢታ ሰበታ መሃል ከተማ፣ የሰርግ ቪዲዮ በምታቀናብርበት ፎቶ ቤት፣ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣለች። ግቢ የቀሩት አከራያቸው ኦቦ ቦጂያ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ጓሮ ለላሞቻቸው ድርቆሽ ያወርዱ ነበር። አሸዋ የጫነ መኪና መጣና የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፈተ። አሸዋው ተራግፎ መኪናው ከወጣ በኋላ ኦቦ ቦጂያ በሩን ሊዘጉ ሲመጡ፣ ዮአብ የሚቀመጥባት በርጩማ ባዶዋን ነበረች።

ዮአብ ሃያዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። በልጅነቱ፣ ቤተሰቡ ገና ሆሳዕና ሳለ፣ ማጅራት ገትር ታሞ ለጥቂት ተርፏል። ያ በሽታ አንደበቱን ወሰደው። ስሙን ቢጠይቁት አይመልስም፤ ዝም ብሎ ያያል። ቀኝ እግሩን ይጎትታል፤ ግራ እጁን አጥፎ ደረቱ ላይ ይይዛል፤ ትንሽ ከተራመደ በኋላ ደግሞ ወገቡን ሰበር አድርጎ እንደገና ቀና ይላል። ከሁሉ በላይ የሚወደው ሚኒባስ ነው። በሩ ተከፍቶ የቆመ ካገኘ ገብቶ መስኮት ጋ ይቀመጣል። የሰበታ ወያላዎች ስለሚያውቁት አዙረው ወደ ሰፈሩ ይልኩታል። ያን ቀን የተሳፈረበትን መኪና ግን ያየ አልተገኘም።

እናትና ልጅ ሰበታን፣ ዓለም ገናን፣ ወለቴን በእግራቸው አዳረሱ። ሆስፒታሎች ጠየቁ። ቤተ ክርስቲያናቸው በእሁዱ አምልኮ ላይ አስነገረላቸው። ፖሊስ ጣቢያም አመለከቱ፤ መርማሪው በጥሞና አዳመጣቸውና ጉርድ ፎቶ ጠየቀ።

የቸገራቸው ፎቶው ነበር። ዮአብ ስልክ ወይም ካሜራ ወደሱ ሲዞር ካየ በደህናው እጁ ፊቱን ይሸፍናል። ጣቢታ ስልኳን ብትፈትሽ የእሱ ፎቶ ሞልቷል፤ ግን ሁሉም ላይ የሚታየው መዳፍና ከመዳፉ በላይ ያለ ፀጉር ነው። መታወቂያ አውጥቶ አያውቅም። እህቱ ኑሮዋን የምትመራው የማታውቃቸውን ሰዎች ፊት በመቅረጽ ሆኖ ሳለ፣ የወንድሟ ፊት አንድ ቦታ እንኳ አልነበራትም።

አንድ ነገር ትዝ ያላት ፎቶ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ ስታለቅስ ነው። ባለፈው ጥር ሱሉልታ ሰርግ ስትቀርጽ፣ እናቷ ፋብሪካ ስለነበረች ዮአብን ይዛው ሄዳ ነበር። አጃቢዎቹ ሜዳው ላይ ሲጨፍሩ ሰፋ አድርጋ የቀረጸችው አንድ ክሊፕ አለ። እሱ ካሜራው እየቀረጸው መሆኑን ሳያውቅ ከጭፈራው ጀርባ ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ አልፏል። ሰርጉን ስታቀናብር ያን ክሊፕ ጥላዋለች። ሃርድ ዲስኩን ከፍታ ስትፈልገው አልተደመሰሰም፤ አለ።

ክሊፑን ፕሮግራሙ ላይ አስገባችና ስኬሉን፣ የምስሉን መጠን፣ ጨመረች። ዮአብ ከስክሪኑ ጥግ ተነስቶ ቀረበ። እንደገና ጨመረች። ፊቱ ትልቅ ሆነ፤ ግን በተለቀ ቁጥር እየፈረሰ ሄደ። ዓይኑ ጥቁር ነጠብጣብ፣ አፉ ቡናማ ጭረት ሆነ። ጨለማውን አነሳች፣ ጥራቱን ሳበች፣ የምታውቀውን ሁሉ ሞከረች። ካሜራው ያልያዘውን ነገር ከየት ታመጣዋለች?

የሺወርቅ ከፋብሪካ ስትወጣ ወደ ፎቶ ቤቱ ጎራ አለች። ጣቢታ ልትዘጋው ስትል ክሊፑ በራሱ እየሄደ ነበር። እናት በሩ ላይ እንደቆመች እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እሱ ነው» አለች።

«ፊቱ እኮ አይታይም፣ እማ።»

«ፊቱን ተዪው። እንዲህ የሚሄድ ሌላ ማን አለ?»

ጣቢታ ሐሳቡን ያኔ ያዘችው። መታየት ያለበት አካሄዱ ነው። ግን ዮአብ በክሊፑ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል፤ ምስሉ ተልቆ ባለበት ቢቆም እሱ ወዲያው ከስክሪኑ ይወጣል። ስለዚህ ምስሉ እሱን እየተከተለ መሄድ አለበት። ይህ የሚሠራው በኪፍሬም ነው፤ እዚህ ሰዓት ላይ ምስሉ ይህን ያህል ይተልቅ፣ እዚህ ቦታ ይሁን ብሎ ምልክት ማስቀመጥ ማለት ነው። አንድ ምልክት መነሻው ላይ፣ አንድ መድረሻው ላይ ካደረጉ በመካከል ያለውን ጉዞ ፕሮግራሙ ራሱ ይሞላዋል። የዮአብ አካሄድ ግን በሁለት ምልክት የሚገዛ አይደለም። ይቆማል፣ ይሰበራል፣ ቀና ይላል። እሷም በቆመበት ሁሉ፣ በተሰበረበት ሁሉ አንድ አንድ ምልክት አኖረች። ምስሉ እንዳይናጥ በምልክቶቹ መሃል ያለውን ጉዞ እያለሰለሰች ውላ ጨረሰችው። የሙሽራዋ መኪና ጋ ሲደርስ ብቻ አንድ ትንሽ መንገጫገጭ አለች፤ እሷን ማጥፋት አልቻለችም።

ከሥሩ «ጠፍቷል፣ መናገር አይችልም፣ ያያችሁ በዚህ ስልክ ደውሉልን» ብላ ጽፋ ለቀቀችው። ጓደኞቿና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተቀባበሉት። ከለገጣፎ አንድ ሰው ደውሎ አገኘሁት አለ፤ በባዶ ሆዳቸው ሲበሩ ሄዱ፤ ሌላ ምስኪን ነበር። የሺወርቅ ያን ሰው አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ።

ሳምንቱ ሳይሞላ የጣቢታ የሥራ ባልደረባ ስልኩን እያመነታ አቀበላት። «አይተሽዋል ወይ?» ብሎ ብቻ ነው የጠየቃት።

ቪዲዮው ላይ ያለው ዮአብ ነው። ጽሑፉ ተቆርጧል፣ ስልክ ቁጥሩ የለም። የጭፈራ ሙዚቃ ተገጥሞበታል፤ ቢቱ በመታ ቁጥር ምስሉ ዘሎ የሚጎተተው እግሩ ላይ ይተልቃል፤ ወገቡን ሲሰብር ወደኋላ ይመለስና ደግሞ ይሰብራል። «አዲሱ ስታይል» የሚል ተጽፎበታል። ያየው ሕዝብ ብዛት ለሰሚ ይከብዳል። ልጆች በየግቢያቸው እንደሱ እየተራመዱ ራሳቸውን ቀርጸው ለቀዋል። ጣቢታ የራሷ ቪዲዮ መሆኑን ያወቀችው የሙሽራዋ መኪና ጋ ባለችው መንገጫገጭ ነው። ወንድሟን እንዲያገኙላት ከጥግ አውጥታ፣ አቅርባ፣ አጉልታ ሰጥታቸው ነበር። እነሱ ሳቁበት።

የለቀቀው ልጅ ዲሪርሳ ይባላል። ሌሎች ቪዲዮዎቹ ላይ የሚታየው የስልክ ዕቃ መሸጫ ቡራዩ መናኸሪያ አካባቢ መሆኑን ሰው ነገራት። በማግስቱ ጠዋት ወደዚያ ስትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ኮሜንቶቹን አንድ በአንድ አነበበች። ለምን እንደምታነብ አላወቀችም፤ መተው ግን አልቻለችም። ሳቅ፣ ሳቅ፣ ስድብ፣ ሳቅ። በኦሮምኛ የተጻፉትን፣ ቋንቋውን ከገበያ ሰላምታ በላይ ስለማታውቅ፣ ዓይኗን እያሳለፈች ወረደች።

ዲሪርሳ ቀጭን፣ ፀጉሩን ያሳደገ ልጅ ነው። ማን እንደሆነች ስትነግረው መጀመሪያ ፈገግ ያለው ቀልድ መስሎት ነበር። ዮአብ ሕመምተኛ መሆኑን፣ መጥፋቱን፣ እናታቸው እህል መቅመስ ማቆሟን አስረዳችው። ዲሪርሳ ክሊፑ ሲደርሰው ጽሑፍ እንዳልነበረው፣ ሰክሮ የሚጨፍር የሰርግ እንግዳ መስሎት እንደነበር ተናገረ። ድምፁ እየወረደ ሄደ። አጥፋው አለችው። እዚያው ፊቷ አጠፋው፤ ስልኩ ውስጥ ያለውንም ፋይል ደመሰሰላት። ይቅርታ ብሎ ወንበር ሰጣት፤ አልተቀመጠችም።

ሰበታ ስትመለስ ኦቦ ቦጂያ በሩ ላይ እየጠበቋት ነበር። ያን ቀን በሩን ክፍት በመተዋቸው በጸጸት ሰውነታቸው አልቋል። የሆነውን ስትነግራቸው፣ የጻፉት ሁሉ ያው ስድብ ነው ወይ ብለው ጠየቋት። የኦሮምኛው አልገባኝም አለች። አንዱ ላይ ብቻ «ካንኮ» የሚል ቃል ደጋግማ ማየቷ ትዝ አላት። ሰው የሚሳደብበት ቃል ነው ወይ አለቻቸው።

ኦቦ ቦጂያ አጻጻፉን ጠየቁ። እሷም ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ መጀመሪያው ሲ የሚለው የላቲን ፊደል ነበር።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በእኛ ቋንቋ ሲ ‹ጭ› ተብሎ ነው የሚነበበው። ካንኮ አይደለም። ጫንጮ ነው፤ ከሱሉልታ ወዲያ ያለችው ከተማ። ያየው ሰው ቢኖር ነው።»

ጣቢታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ኮሜንቱ ከቪዲዮው ጋር ጠፍቷል። አጥፋው ያለችው ራሷ ናት።

በማግስቱ ከእናቷ ጋር በሱሉልታ በኩል ጫንጮ ሄዱ። ገበያውን፣ መናኸሪያውን፣ ወፍጮ ቤቶቹን፣ ወተት የሚሰበሰብበትን ቦታ ጠየቁ። አንዳንዱ ቪዲዮውን አይቶታል፤ ሰውየውን በአካል ያየ ግን የለም። ከከተማው ወጥቶ ያለው ሜዳና የገበሬ ቤት ደግሞ ዓይን አይጨርሰውም። የሺወርቅ ከአስፋልቱ ዳር ቆማ በሃይለኛው ነፋስ ውስጥ ስሙን ጮኻ ጠራች። ቢሰማት እንኳ መልስ እንደማይሰጥ ታውቃለች። ጣቢታ እጇን ይዛ እስክትጎትታት ድረስ ጠራች።

ጣቢታ ወደ ቡራዩ ተመለሰች። ዲሪርሳ ሲያያት ደነገጠ። ጉዳዩን ስትነግረው የመጀመሪያውን የፍለጋ ቪዲዮ በራሱ ገጽ ላይ ወዲያው ለቀቀላት፤ «እባካችሁ ይህ ሰው ጠፍቷል» ብሎ በኦሮምኛም በአማርኛም ጻፈበት። ቀኑን ሙሉ ጠበቁ። ጥቂት ሰው አየው፤ እጁን ያጣመረ ምስል ልከው አለፉ። ስለ ጫንጮ የጻፈ አልነበረም።

ዲሪርሳ አንገቱን ደፍቶ፣ አፑ የሚያስቀውን ነው ለሁሉም የሚያሳየው አለ። ሰው የሚያሳዝነውን ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ሰው ካለፈው ደግሞ ለሌላው አይደርስም።

ጣቢታ የከፈተችውን ገጽ ዘጋች። ከዚያ፣ «መልሰህ ልቀቀው» አለችው። «ያኛውን።»

«ደምስሼዋለሁ እኮ፣ እህቴ። ፊትሽ።»

«እንግዲያው እኔ እሠራዋለሁ።»

ሠራችው። ዲሪርሳን ይዛ ሰበታ ፎቶ ቤቱ ገባች፤ እሱ ያን ሙዚቃ ሰጣትና አጠገቧ ተቀመጠ። ለመጀመሪያው ቪዲዮ የደከመችው ምስሉ እንዳይናጥ ነበር፤ አሁን እንዲናጥ መድከም ነበረባት። ያለሰለሰችውን ሁሉ አፈረሰች። ቢቱ በሚመታበት ቦታ ሁሉ ኪፍሬሞቹን አስጠግታ አኖረችና ስኬሉን በአንድ ጊዜ አሳደገችው፤ ምስሉ እየዘለለ እግሩ ላይ ወደቀ። ወገቡን የሚሰብርበትን ቆርጣ ወደኋላና ወደፊት አመላለሰችው። ዲሪርሳ ቢቱ የት ላይ እንደሚወርድ በጣቱ ያሳያት ነበር፤ በኋላ ላይ ጣቱን ሰብስቦ ወደ መስኮቱ ዞረ። ስትጨርስ ከመጀመሪያው አጫወተችው። ያስቃል። የራሷ ከንፈር ጫፍ ሲንቀሳቀስ ተሰማትና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ጽሑፍ አልጨመረችበትም፤ ሰው ጽሑፍ ያለበትን ሳያይ ያልፈዋል። ስልክ ቁጥሩን ዲሪርሳ ከኮሜንቶቹ በላይ አሰፈረው፤ «የጫንጮዋ ልጅ፣ ጽፈሽልን ነበርና እባክሽ ደውይ» ብሎ በኦሮምኛ ጨመረበት። የጻፈው ወንድ ይሁን ሴት አያውቁም፤ እንዲያው ከጸሐፊው ስም ጎን ባለችው ምስል ላይ አበባ ነበር ብላ ጣቢታ ስለነገረችው ነው።

ሳቁ እንደገና ጎረፈ። ጣቢታ ሥራ ትታ ኮሜንቶቹን ተቀመጠችባቸው። ከዚህ በፊት እየሸሸች ያለፈቻቸውን አሁን እየፈለገች አነበበች። ያልገባትን ሁሉ ለዲሪርሳ ትልካለች፤ እሱ «ስድብ ነው» ወይም «ምንም አይደለም» ብሎ ይመልስላታል። እናቷ ምን እንደምትሠራ ስትጠይቃት፣ እየፈለግኩት ነው ብላ መለሰች። ውሸት አልነበረም።

ስልኩ የጠራው በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነው። የሴት ልጅ ድምፅ፣ «አካም፣ እህቴ» አለ። ስሟ ዱርሲቱ ነው። «ቀድሞም ጽፌ ነበር። ይሄ ልጅ እኛ ጋ ነው ብዬ። ከዚያ ቪዲዮው ጠፋብኝ።»

«ደህና ነው?»

«እየበላ ነበር» አለች። «ሰሞኑን ግን አይነሳም። እግሩ ላይ ቁስል አለ። ቶሎ ብትመጡ ጥሩ ነው።»

ቤቱ ከጫንጮ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ በጥርጊያ መንገድ የሚገባ ነው። የሺወርቅ ቁልቁለቱን ጫማዋን አውልቃ ነው የሮጠችው። ዱርሲቱና እናቷ ዮአብን ያገኙት ወተት አድርሰው ሲመለሱ፣ ቦይ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ማን አምጥቶ እንደጣለው አያውቁም። ስሙን ስላላወቁ ኬሱማ፣ እንግዳው፣ ይሉት ነበር። ቤት አስገብተው ሊያስተኙት ቢሞክሩ እምቢ ብሎ ድርቆሽ ማስቀመጫው ውስጥ ነው የሚያድረው። ወተትና ቆሎ ይሰጡታል። ቀበሌ ሄደው ተናግረው ነበር፤ የሚጠይቅ አልመጣም። ዱርሲቱ ቪዲዮውን ያየችው ከጓደኞቿ ጋር ነው፤ እነሱ ሲስቁ እሷ ጓሮዋ የሚመላለሰውን ሰው አወቀችው።

ዮአብ ድርቆሹ ላይ በጎኑ ተኝቷል። ጉንጮቹ ገብተዋል፤ ሰውነቱ በትኩሳት ይነድዳል። የሚጎተተው እግሩ ጫማው ውስጥ አብጧል፤ ሽታው ከበሩ ይቀበላል። እናቱን ሲያይ ለመነሳት ሞከረና አልቻለም። የሻሿን ጫፍ ያዘና አፍንጫው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። የሺወርቅ አላለቀሰችም። ጫማውን በምላጭ ቀድዳ ማውለቅ ጀመረች።

አዲስ አበባ ሆስፒታል አስተኙት። ሐኪሙ ቁስሉ ወደ አጥንት መዝለቁን፣ ጥቂት ቀን ቢዘገዩ ኖሮ ለእግሩም ለሕይወቱም ያሰጋ እንደነበር ነገራቸው። ሁለት የእግር ጣቶቹ ተቆረጡ። የቀረው ይድን እንደሆነ ጠብቀን እናያለን አለ ሐኪሙ።

ጣቢታ ዲሪርሳን አሁን አጥፋው አለችው፤ አጠፋው። ግን በዚህ ጊዜ ቪዲዮውን ራሱን ሌሎች አውርደው መልሰው ለቀውታል። አንዱን ሲያሳግዱ ሌላው ይወጣል። ዲሪርሳ የታገደውን እየቆጠረ ይልክላት ነበር፤ በኋላ መላኩን ተወ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከዮአብ አጠገብ ያለውን በሽተኛ የሚያስታምም ጎልማሳ ግራ እጁን ደረቱ ላይ አጥፎ የተኛውን ዮአብን ትክ ብሎ አየ፤ ስልኩን አወጣ፤ ደግሞ አየ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። «እናቴ፣ ልጅዎ እኮ ታዋቂ ነው» ብሎ ስልኩን ለየሺወርቅ አቀበላት።

ጣቢታ ውኃ ይዛ ስትገባ ሙዚቃውን ሰማችው። እናቷ ስክሪኑ ላይ አቀርቅራለች። ቪዲዮው አለቀና በራሱ እንደገና ጀመረ። ሰውየው የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገብቶት ስልኩን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም።

«ማነው ይህን የሠራው?» አለች የሺወርቅ፣ ቀና ሳትል።

ጣቢታ ዲሪርሳ ልትል ትችል ነበር። የመጀመሪያውን እሱ ነው የሠራው።

«እኔ ነኝ» አለች። «እንዲያገኙት ብዬ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ወደ እነሱ እንደሚያዩ ጣቢታ አወቀች። የውኃውን ጠርሙስ የምታስቀምጥበት ጠፋባት። ሙዚቃው መታ፤ ምስሉ ዘለለ፤ የዮአብ እግር ስክሪኑን ሞላው። እናት በአውራ ጣቷ ስክሪኑን ነካችና ቪዲዮው ቆመ። እግሩ ላይ ነው የቆመው፤ የሱሉልታ ሣር ላይ፣ ጫማው ንጹሕ፣ ገና ሊጎትተው ሲል።

«ያኔ እግሩ ደህና ነበር» አለች።

«አዎ፣ እማ።»

የሺወርቅ ብዙ አየችው። ከዚያ ስልኩን ለሰውየው መለሰችና ወደ ልጇ ዞራ የተጠቀለለውን እግር ብርድ ልብሱን ገልጣ ተመለከተች። ዮአብ ነቅቷል። ጣቢታ በአልጋው ማዶ ቆማለች። እናቷ ለረጅም ጊዜ ቀና ብላ አላየቻትም፤ በኋላ ግን ሳታያት፣ ቀኑን ሙሉ ቆመሻል፣ ተቀመጪ አለቻት።